ዘውድና ጎፈር፦ የዕድል ቁጥር ታሪክና የይፋት ቆላ

በሸዋ ሮቢት ሁለት የኳስ ቡድኖች ሊጋጠሙ ሲሉ ዳኛው ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ሲል ይጠይቃል። አንደኛው አምበል «ዘውድ» ይላል፤ ሳንቲሙ ወደ ላይ ይወረወራል፤ መሬት ሲነካ ክርክር ያበቃል። ከሜዳው ባሻገር ባለው የእርሻ መሬት ላይ ደግሞ ገበሬው የበልግን ደመና ቀና ብሎ እያየ፣ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጀውን ማሽላ አሁን ይዝራ ወይስ እስከ ክረምት ይታገሥ፣ ያወጣል ያወርዳል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለጨዋታ፣ ሁለተኛው ለኑሮ ነው። ሁለቱም ግን ውጤቱ አስቀድሞ በማይታወቅ ነገር ላይ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ስለሆኑ፣ በሒሳብ ዓይን ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ስለ ዕድል ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው «የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሊሆን የሚችለው ምን ምን ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ በመታየቱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን በዘመናቸው አቻ ያልነበራቸውን ሊቃውንት ያሳሳተው ስሌቱ ሳይሆን ይኸው ዝርዝር ነበር። በይፋት ቆላም ቢሆን በዝርዝሩ ላይ የሚሠራ ስሕተት ድልድይን፣ ጎተራንና የሰውን ሕይወት ይነካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የዝርዝሩን ታሪክ ከአንድ ሳንቲም ጀምሮ መከተል ነው። የአውሮፓ ዘመን በሚጠቀስበት ቦታ «እ.ኤ.አ.» ተብሏል፤ የቀረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. ሁለት ገጽ ያለው ገንዘብ በይፋት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ከፍታና ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት። ከምዕራብ በኩል የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ወደ ምሥራቅ ምድሩ እየዘቀጠ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይዘልቃል። ይህ በደጋና በበረሓ መካከል ያለ መተላለፊያ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መንገድ ነበር።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት ላይ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አሸንፎ ግዛቱን አጠቃለለ። ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወስደው ንግድም በእጁ ገባ። ዛሬ በኖራና በአስባሪ የሚታዩት የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሾች የዚያ ዘመን የከተማ ኑሮ ምስክሮች ናቸው። በ14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የጻፈው አል ዑመሪ የይፋት ሰዎች ከግብጽ በሚመጣላቸው ዲናርና ድርሃም እንደሚገበያዩ መዝግቧል። እንግዲህ ሁለት ገጽ ያለው የተቀረጸ ገንዘብ በዚህ ቆላ ከታየ ከስድስት ምዕተ ዓመታት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የዚህ ንግድ ታላቅ ገበያ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚያው መንገድ አልፏል። በገበያው አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አሞሌ ቢወረወር ይሰበራል እንጂ ዕጣ አይለይም። ጠገራ ብር ግን ሁለት ገጽ ያለው፣ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ በላዩ ላይ ያለው ዘመንም የትም ቢቀረጽ ያው 1780 ነው። ነጋዴው ሳይቀበለው በፊት የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ማያያዣ ዕንቁዎች እየቆጠረ ያገላብጠው ነበር። ስለዚህ የብርን ገጽ አስተውሎ መለየት ለአገሩ ሰው የቆየ ልማድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስቀረጹት ብር የተሠራው በፓሪስ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ዘመን ተጽፎበታል። በአንደኛው ገጽ ዘውድ የጫነው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ገጽ አንበሳው ነበር። «ዘውድ» የንጉሡ ገጽ፣ «ጎፈር» የአንበሳው ገጽ መሆኑ ነው። በ1969 ዓ.ም. ዘመን የተቀረጹት ሳንቲሞች የንጉሡን ምስል አስወግደው የአንበሳውን ራስ በአንድ በኩል አስቀሩ፤ ዘውድ ከሳንቲሙ ላይ ቢጠፋም ከተጫዋቾች አፍ ግን አልጠፋም። ይህ ትንሽ ነገር አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ የገጾቹ ስም ሰው ያወጣው ነው፤ በስሙ ፈንታ ቁጥር ማውጣትም እንዲሁ የሰው ምርጫ ነው።

2. ከገጽታ ወደ ቁጥር

አንድ ሳንቲም አንድ ጊዜ ሲወረወር ውጤቱ ዘውድ ወይም ጎፈር ነው። ዘውድ ግን ቁጥር አይደለም፤ አይደመርም፣ አይባዛም። «ስንት ዘውድ ወጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው መልሱ 1 ወይም 0 የሚሆነው። እንዲህ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ቁጥር የሚሰጠውን ደንብ የሒሳብ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ራንደም ቫሪያብል» ይሉታል፤ በዚህ ጽሑፍ የዕድል ተለዋዋጭ ተብሏል። ደንቡ ሊሰጣቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ሁሉ ተሰብስበው የተለዋዋጩ ሊሆኑ የሚችሉ ዋጋዎች ይባላሉ።

ሳንቲሙ ሁለት ጊዜ ሲወረወር ውጤቶቹ አራት ናቸው፤ ዘዘ፣ ዘጎ፣ ጎዘ፣ ጎጎ። የዘውዶቹ ብዛት ተለዋዋጩ ከሆነ ግን ዋጋዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ 0፣ 1 እና 2። ዋጋ 0 በአንድ ውጤት፣ ዋጋ 1 በሁለት ውጤቶች፣ ዋጋ 2 በአንድ ውጤት ይገኛል። አሥር ጊዜ ቢወረወር ውጤቶቹ 1,024 ሲደርሱ የዘውድ ብዛት ዋጋዎች ግን ከ0 እስከ 10 ያሉት 11 ናቸው። ከእነዚህም ዋጋ 5 ብቻውን 252 ውጤቶችን ሲጠቀልል፣ ዋጋ 10 አንድ ውጤት ብቻ አለው።

ዋጋዎች ሁሉ እኩል ዕድል ያላቸው ጊዜም አለ። በ12 ሰዎች ዕቁብ ውስጥ ተራው በዕጣ ቢለይ፣ አንዱ አባል የሚደርሰው ተራ ከ1 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ነው፤ የእያንዳንዱም ዕድል አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። በዕቁብ የለመደ ሰው «ዋጋዎቹ ሦስት ከሆኑ የእያንዳንዱ ዕድል ሲሶ ነው» ብሎ ቢፈርድ አያስገርምም። ስሕተቱ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የዋጋዎች ዝርዝር የውጤቶች ዝርዝር አይደለም፤ በአንዱ ዋጋ ሥር ስንት ውጤት እንደ ተሰበሰበ ሳይታወቅ ስለ ዕድል መናገር አይቻልም።

3. የሊቃውንት ስሕተት

እ.ኤ.አ. በ1654 ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ ሳይጠናቀቅ በተቋረጠ ጨዋታ የተያዘው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል ደብዳቤ ተጻጻፉ። አንደኛው ተጫዋች ለማሸነፍ 2 ነጥብ፣ ሁለተኛው 3 ነጥብ ሲቀራቸው ጨዋታው ቆሟል እንበል። ፌርማ ቢበዛ በ4 ዙር እንደሚያልቅ አይቶ 16ቱን ውጤቶች ሁሉ ዘረዘረ፤ ከእነዚህ 11ዱ ለመጀመሪያው፣ 5ቱ ለሁለተኛው ሆኑ። ገንዘቡም በዚሁ ልክ ይከፈላል ማለት ነው።

የሒሳብ ሊቅ የነበረው ሮቤርቫል ይህን አልተቀበለም። አንዱ ተጫዋች በ2ኛው ዙር ካሸነፈ ጨዋታው ያበቃል፤ ታዲያ ያልተደረጉ ዙሮች ለምን ይቈጠራሉ? የሚል ነበር ተቃውሞው። ፓስካል የመለሰው፣ የቀሩትን ዙሮች መጫወት አሸናፊውን ስለማይለውጥ፣ ዙሮቹን ሁሉ መዘርዘር እያንዳንዱ ውጤት እኩል ክብደት እንዲኖረው ያደርጋል የሚል ነው።

ክርክሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1754 ዣን ለ ሮን ዳላምቤር በታላቁ የፈረንሳይ ኢንሲክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ሳንቲም ጨዋታ ሲጽፍ በዚያው ጉድጓድ ገባ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፤ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የማግኘት ዕድሉ ስንት ነው? ዳላምቤር እንዳለው የመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከሆነ ጨዋታው ያበቃል፤ ስለዚህ ያሉት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ዘ፣ ጎዘ እና ጎጎ። ከሦስቱ ሁለቱ ስለሚያሸንፉ ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ ነው። ትክክለኛው መልስ ግን ሦስት አራተኛ ነው፤ «ዘ» ያለው አንድ ስም ዘዘን እና ዘጎን በሆዱ ይዟልና።

ዳላምቤር በመካኒክስ ሥራው ስሙ ለመሐንዲስ ሁሉ የታወቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አእምሮ በሁለት ውርወራ መሳሳቱ የሚያስደንቅ ቢመስልም፣ ስሕተቱ የስሌት ሳይሆን የዝርዝር መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ለሦስት ነገሮች ሦስት ስም ሰጠ፤ ስሞቹም እኩል የሚመዝኑ መሰሉት።

ነገሩ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የሩሲያው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ የይሆናልነትን ትምህርት በጥቂት መሠረታዊ ደንቦች ላይ ሲያቆም፣ በመጀመሪያ የመሠረታዊ ውጤቶች ስብስብ ይቀመጣል፤ ዕድል ለዚያ ስብስብና ለክፍሎቹ ይሰጣል፤ የዕድል ተለዋዋጭ ደግሞ በስብስቡ ላይ የተሠራ ፈንክሽን ነው አለ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ውጤት፣ ከዚያ ቁጥር ነው። ከሮቤርቫል እስከ ዳላምቤር የተሠራው ስሕተት ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ ነበር።

4. ሁለቱ ዝናማት

ይህ ክርክር ከፓሪስ ወደ ይፋት ሲመጣ የሚወረወረው ሳንቲም ዝናም ይሆናል። ቆላው በዓመት ሁለት የዝናም ወራት አሉት፤ ከየካቲት ጀምሮ የሚጠበቀው በልግና ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት። እያንዳንዱ ዝናም «በቃ» ወይም «አልበቃም» ቢባል ዓመቱ እንደ ሁለት ውርወራ ይሆናል። የበቁት ዝናማት ብዛት ተለዋዋጩ ነው፤ ዋጋዎቹም 0፣ 1 እና 2 ናቸው።

እዚህ ላይ ዋጋ 1 በሆዱ የያዘው ነገር መመርመር አለበት። በልጉ ቀርቶ ክረምቱ ቢሰምር፣ ገበሬው ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈልገውን ማሽላ ትቶ በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርሰውን ጤፍ ወይም አካባቢው የታወቀበትን ማሾ ይዘራል፤ ምርቱ ቢያንስም ቤቱ ባዶ አይሆንም። በልጉ ሰምሮ ክረምቱ ቢቀር ግን በሚያዝያ የተዘራው ማሽላ አምሮ ካደገ በኋላ ዘለላ በሚያወጣበት ጊዜ ይደርቃል፤ ዘሩም ድካሙም አብሮ ይጠፋል። በቁጥር ሁለቱም «1» ናቸው፤ በኑሮ ግን የተለያዩ ዓመታት ናቸው። ተለዋዋጭ መምረጥ ማለት የትኛውን ልዩነት ይዞ የትኛውን መተው እንደሚገባ መወሰን ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለቱ ዝናማት ሳንቲም እንዳይደሉ ማስታወስ ይገባል። የሳንቲም ሁለተኛ ውርወራ የመጀመሪያውን አያስታውስም። እያንዳንዱ ዝናም ከአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይቀራል ብሎ ለምሳሌ ያህል የሚነሣ ሰው፣ ሁለቱ አንዱ ካንዱ ነጻ ናቸው ካለ፣ ሁለቱም የሚቀሩበት ዓመት ከ25 አንድ ብቻ ነው ይላል። አየርና ውቅያኖስ ሁለቱን ካያያዟቸው ግን ይህ ቁጥር ሊከዳ ይችላል። በ1976 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል በልጉም ክረምቱም በአንድ ዓመት ከሸፉ፤ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው የረኀብ እልቂትም ከጦርነቱ ጋር ተደምሮ የታወቀ ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ከቀረ በኋላ በኤል ኒኞ ምክንያት ክረምቱ በምሥራቃዊው የአገሪቱ ክፍል ደከመ፤ በተከታዩ ዓመት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጸ። ዋጋ 0 በዝርዝሩ ውስጥ ምንጊዜም አለ፤ ዕድሉ አነስተኛ ነው ተብሎ ከዕቅድ ውጪ የሚደረግ ዋጋ አይደለም።

5. አንድ ውርወራ፣ ሁለት ጥያቄ

ሳንቲም ሦስት ጊዜ ቢወረወር ስምንት ውጤቶች አሉ። የጎፈሮቹ ብዛት ቢጠየቅ ዋጋዎቹ 0፣ 1፣ 2 እና 3 ሲሆኑ፣ ውጤቶቹ በቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 3 እና 1 ሆነው ይከፋፈላሉ። አሁን ጥያቄው ይለወጥና «በተከታታይ ከወጡት ጎፈሮች ረጅሙ ሰልፍ ስንት ነው?» ይባል። ዋጋዎቹ አሁንም 0፣ 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ውጤቶቹ ግን 1፣ 4፣ 2 እና 1 ሆነው ይደለደላሉ። የተወረወረው ሳንቲም ያው ነው፤ የዋጋዎቹ ዝርዝርም ያው ነው፤ የዕድሉ አከፋፈል ግን ተለውጧል። ምክንያቱም ጎዘጎ የተባለው ውጤት ሁለት ጎፈሮች ቢኖሩትም ዘውድ በመካከላቸው ስለ ገባ ረጅሙ ሰልፉ 1 ብቻ ነው።

ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚጠቅም ልዩነት አይደለም። ጎፈርን ክፉ ዓመት፣ ዘውድን ደህና ዓመት አድርገን ብንወስድ፣ «ከሦስት ዓመት ሁለቱ ክፉ ናቸው» የሚለው ዘገባ ሦስት ዓይነት ታሪክ በአንድ ቁጥር ይደብቃል። ክፉው ዓመት ከደህናው ጋር ቢፈራረቅ ገበሬው በመጀመሪያው ክፉ ዓመት ጎተራውን አራግፎ ያልፋል፤ በደህናው ዓመት መልሶ ይሞላል፤ ሦስተኛውንም ይቋቋማል። ሁለቱ ክፉ ዓመታት ከተከታተሉ ግን በመጀመሪያው ዓመት ጎተራው፣ በሁለተኛው ዓመት የዘር እህሉና የእርሻ በሬዎቹ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ዝናሙ ቢመለስ እንኳ የሚያርስበት በሬ፣ የሚዘራው ዘር የለውም። አገርን የሚፈታው የክፉ ዓመታት ድምር ሳይሆን ሰልፋቸው ነው።

ስለዚህ የእህል መጋዘን የሚያቅድ ሰው፣ ግድብ የሚለካ መሐንዲስ፣ የመጠባበቂያ ገንዘብ የሚይዝ ማኅበር በመጀመሪያ የትኛውን ተለዋዋጭ እንደሚከተል መለየት አለበት። ለአማካይ ዓመት የሚበቃ መጋዘን ድምሩን ያየ ነው፤ ለሁለት ተከታታይ ክፉ ዓመታት የሚበቃው ግን ሰልፉን ያየ ነው።

6. የሮቢ ወንዝና የ«50 ዓመት ጎርፍ»

በበጋ የሮቢን ወንዝ ያየ ሰው በክረምት ምን እንደሚሆን አይገምተውም። ከገደሉ አናት ላይ የጣለ ዝናም ቁልቁለቱን በአጭር ጊዜ ወርዶ፣ ድንጋይና ደለል እየነዳ ቆላው ላይ ይደርሳል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በጣርማ በር ዋሻ በኩል የተከፈተው የደሴ መንገድና በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የወረሰው ተግባር ይህን ባሕርይ ካላቸው ከገደሉ ወራጆች ጋር የሚደረግ ትግል ነው።

መሐንዲሱ ድልድይ ሲነድፍ «የ50 ዓመት ጎርፍ» ይላል። አባባሉ በሰፊው የታወቀው ኤሚል ጉምበል እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ጎርፍ የመመለሻ ጊዜ ከጻፈ በኋላ ነው። ትርጉሙ ያ መጠን ያለው ወይም የሚበልጠው ጎርፍ በአንድ ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከ50 አንድ ነው ማለት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዓመት 2 በመቶ ለጎፈር ያደላ፣ 98 በመቶ ለዘውድ ያደላ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው። ብዙ ሰው ግን «በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል» ብሎ ይረዳዋል። በዚህ አረዳድ የተለዋዋጩ ዋጋ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም 1 ነው።

በእውነቱ በ50 ዓመት ውስጥ የሚደርሱት እንዲህ ያሉ ዓመታት ብዛት ከ0 እስከ 50 ያሉ 51 ዋጋዎች አሉት። ዓመታቱ አንዱ ካንዱ ነጻ ናቸው ተብሎ ቢሰላ፣ አንድም ጊዜ ያለመድረሱ ዕድል 36.4 በመቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መድረሱ 37.2 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ መድረሱ 18.6 በመቶ፣ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ መድረሱ 7.8 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለ50 ዓመት አገልግሎት የተነደፈ ድልድይ የንድፉን ጎርፍ ወይም የባሰውን ቢያንስ አንድ ጊዜ የማየቱ ዕድል ከመቶ 63 በላይ ነው። «ባለፈው ዓመት መጥቷልና ለ49 ዓመት እናርፋለን» የሚል የጥገና ኃላፊ ሳንቲሙ ያለፈውን ውርወራ ያስታውሳል ብሎ ያመነ ነው።

ሌላም አለ። ኒኮላውስ በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1713 ባቀረበው፣ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ አካዳሚ መጽሔት ላይ ባብራራው ጨዋታ፣ ሳንቲሙ የመጀመሪያው ዘውድ እስኪወጣ ድረስ ይወረወራል። የውርወራው ብዛት ዋጋዎች 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይሄዳሉ፤ መጨረሻ የላቸውም። ፈረንሳዊው ቡፎን ይህን ጨዋታ አንድ ሕፃን 2,048 ጊዜ እንዲጫወት አድርጎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1777 አሳተመ። 1,061 ጨዋታዎች በመጀመሪያው ውርወራ፣ 494 በሁለተኛው፣ 232 በሦስተኛው አበቁ፤ ረጅሙ የተገኘው 9 ሲሆን እርሱም 6 ጊዜ ብቻ ታየ።

እነሆ ከሁለት ሺህ በላይ ሙከራ ተደርጎ የታየው ትልቁ ዋጋ 9 ነው። ከዚህ ተነሥቶ «10 የሚባል የለም» የሚል ሰው ይስታል፤ ያልታየና የማይሆን አንድ አይደሉምና። አንድ መንደር ውስጥ ያሉ አረጋውያን «ውሃው ከዚያች ዋርካ አልፎ አያውቅም» ሲሉ እውነት ይናገራሉ፤ ቃላቸውም የወንዝ መለኪያ ባልነበረበት ዘመን ብቸኛው መዝገብ ስለሆነ ሊከበር ይገባል። ነገር ግን እነርሱ የሚናገሩት ስለታዩት ዋጋዎች እንጂ ሊሆኑ ስለሚችሉት አይደለም። የ60 ዓመት ትዝታ 60 ውርወራ ነው።

7. በጠርዙ የቆመ ሳንቲም

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ሳንቲም ዘውድ ወይም ጎፈር ይሆናል በሚል መነሻ ነው። ይህም ቢሆን የተመረጠ መነሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካ 5 ሳንቲም ከ6,000 ውርወራ አንድ ጊዜ ያህል በጠርዙ ሊቆም እንደሚችል አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች በእጃቸው 350,757 ጊዜ ወርውረው ሳንቲሙ በተነሣበት ገጽ ተመልሶ የሚያርፈው 50.8 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ለኳስ ሜዳው ዳኛ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ በጠርዙ ቢቆምበት ደግሞ ይወረውራል። ወንዝን ግን «እንደገና ሞክር» ማለት አይቻልም።

ከገደል ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚዘረጋ ወንዝ ያመጣውን ድንጋይና ደለል ከከመረ በኋላ የራሱን አልጋ ጥሎ በሌላ በኩል ሊሄድ ይችላል። የድልድይ ንድፍ «ውሃው በድልድዩ ሥር ያልፋል» እና «ውሃው ከድልድዩ በላይ ይሄዳል» የሚሉ ሁለት ዋጋዎችን ብቻ ከያዘ፣ ሦስተኛው ተረስቷል፤ እርሱም ድልድዩ ሳይነካ ቆሞ ውሃው የመዳረሻውን መንገድ ቈርጦ በጎን የሚያልፍበት ነው። ይህ የወንዙ ጠርዝ ነው። በዝርዝሩ ያልገባ ዋጋ ዕድሉ በስሌት ዜሮ ይሆናል፤ በወንዙ ዘንድ ግን ዜሮ አይደለም። የስሌቱ ትክክለኛነትም ይህን አያድነውም።

ማጠቃለያ

ከፓስካልና ፌርማ ደብዳቤ እስከ ኮልሞጎሮቭ ያለው 279 ዓመት ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ከባዱ ሥራ ማባዛትና ማካፈል አልነበረም። ከባዱ በቅድሚያ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ሳያስቀሩ መዘርዘር፣ ከዚያም ለየትኛው ጥያቄ የትኛው ቁጥር እንደሚሰጥ መወሰን ነበር። ለመሐንዲስ ይህ ታሪክ አራት ምክር ትቶለታል፤ የዋጋዎችን ዝርዝር ከውጤቶች ዝርዝር አለማምታታት፣ ድምርን ከሰልፍ መለየት፣ የታየውን ከሚቻለው ጋር አንድ አለማድረግ፣ በመጨረሻም ሳንቲሙ ጠርዝ እንዳለው አለመርሳት።

የሸዋ ሮቢት ገበሬ እነዚህን በሒሳብ ቋንቋ አያውቃቸው ይሆናል። ሆኖም አንዱን ማሳ በማሽላ፣ ሌላውን በማሾ ሲዘራ፣ ከደህና ዓመት እህል ለክፉ ቀን ሲያስቀር፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ዋጋዎች በልቡ ዘርዝሮ ለእያንዳንዳቸው መልስ እያዘጋጀ ነው። ከአዲስ አበባ ወርዶ በሮቢ ላይ የሚነድፍ ባለሙያም ካልኩሌተሩን ከማውጣቱ በፊት በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ መጻፍ አለበት። ያ ወረቀት ጎደሎ ከሆነ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ፣ ዳላምቤር በሁለት ውርወራ እንደ ሳተ፣ መሳቱ አይቀርም። ዳላምቤር የሳተው በወረቀት ላይ ስለነበረ የተጎዳ የለም፤ በወንዝ ላይ የሚሠራው ስሕተት ዋጋ ግን የሚከፈለው በወንዙ ዳር በሚኖረው ሰው ነው።